ከሁለት ባትሪ የተሰረቀ 12 ቮልት

«መብራቱ ከበራ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን አልስማማም።

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ቦታ እንግዳ የምታመላልስ የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርት ነበረች። ባለ 6 ቮልት የሆኑ ስድስት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጧታል። የፊት መብራቷ ባለ 12 ቮልት ስለሆነ እኔው ራሴ ከሁለቱ ባትሪዎች ሽቦ ጎትቼ አበራሁት። ተመሰገንኩም!

ሁለት ወር ሳይሞላ ካርቷ ዳገት ላይ መለገም ጀመረች። ስንፈትሽ ሁለቱ ባትሪዎች ደክመዋል፤ የአራቱ ደግሞ ውሃ ጎድሏል። ቻርጀሩ የሚያየው የስድስቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ጉድለት አይደለም። አራቱ ከልክ በላይ ሲሞሉ ሁለቱ እንደተራቡ ያድራሉ፤ ፕሌታቸውም በሰልፌት ይሸፈናል።

የቮልቴጅ መቀነሻው፣ ማለትም ሬድዩሰሩ፣ ከስድስቱም እኩል ይወስዳል። ግቤቱ የሚታሰረው በጠቅላላው 36 ቮልት ሁለት ጫፎች ላይ ነው፤ በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባለት። ካርቷ ቆማ ስታድር ባትሪ እንዳይበላም በቁልፉ የሚታዘዝ ሪሌይ ቢጨመር ይሻላል። የመብራቱ ኔጋቲቭ ወደ ሬድዩሰሩ ይመለስ እንጂ እንደ መኪና ሻንሲው ላይ አይታሰር (የመኪና ኤሌክትሪክ የለመዳችሁ ልብ በሉ)።

«ሬድዩሰር ውድ ነው» ይባላል። ስድስት ባትሪስ? ሁለቱን ብቻ ብንቀይር አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል አይሄዱም። መምህራኖቻችንም «ይሠራል» ብለው ማርክ መስጠቱን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ያን መብራት በልምምድ ሪፖርቴ ላይ ጽፌ ኤ ነው ያገኘሁት።