አማርኛ ብቻ ለቀራቸው አረጋውያን፦ በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ስለሚሰጥ እንክብካቤ የቀረበ ጥሪ

በዩናይትድ ስቴትስ ወደ 15,000 የሚጠጉ ነርሲንግ ሆሞች አሉ። ከመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች፣ ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ፣ ገንዘብ የሚቀበሉት፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ይገዛሉ። ሕጉ ነዋሪው አቅሙ በፈቀደ መጠን ጤናውና ክብሩ ተጠብቆ እንዲኖር ያዝዛል፤ ለሠራተኛ እንዲመች ብሎ አረጋዊን ማሰር ወይም በመድኃኒት ማደንዘዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ነርስ ሌት ተቀን፣ ሬጅስተርድ ነርስ ደግሞ በየቀኑ ቢያንስ ለ8 ተከታታይ ሰዓት መኖር አለበት። አንድ ረዳት ነርስ ስንት ሰው ሊይዝ እንደሚገባ ግን የፌዴራሉ ሕግ አይወስንም። በ2024 ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት እንዲመደብ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። የቁጥጥር ሠራተኞችም ለመደበኛ ፍተሻ የሚመጡት በአማካይ በዓመት አንዴ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ የሕጉ ዓይን ጠያቂ ቤተሰብ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ደግሞ ጉዳታቸው በቀላሉ አይታወቅም። የመርሳት በሽታ ሲበረታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ ሰው አማርኛ ብቻ ይቀርለታል። ቋንቋው ያልጠፋባቸውም ቢሆኑ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ሕመም የለም» ነው። ሰው ላለማስቸገር ብለው የመጥሪያውን ደወል የማይጫኑ እናቶችም ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ውጤት የአልጋ ቁስል ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ሌላ ሰው በየጊዜው፣ በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላገላበጠው በተረከዙ፣ በዳሌውና በወገቡ ሥር ያለው ሥጋ ደም እያጣ ይሞታል። የሥልጠና መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት ቅላት ነው ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ ሲነካ የጠጠረ ወይም የለሰለሰ ቦታ ነው። ጠያቂ ዳቦና አበባ ይዞ ሄዶ ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ ከተመለሰ ግማሹን ሥራ አልሠራም። ተረከዝ ይታይ። ውኃው እጃቸው የሚደርስበት ቦታ መቀመጡ፣ ደወሉ ከአልጋው አለመውደቁ፣ በመዝገቡ ላይ ክብደታቸው አለመቀነሱ ይጣራ። የጥየቃው ሰዓትም ይቀያየር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ የሚመጣ ቤተሰብ የማክሰኞን ማታ አያውቅም። ነርሲንግ ሆሙ የዕለቱን ሠራተኛ ቁጥር መለጠፍ፣ የመጨረሻውን የፍተሻ ውጤትም ሰው ሳይጠይቅ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ገና ቦታ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ይህንኑ ውጤት በሜዲኬር ድረ ገጽ «ኬር ኮምፔር» በሚባለው ክፍል ያገኙታል።

ነዋሪው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ ሙሉ ምርመራው በ14 ቀን፣ ሙሉ ዕቅዱ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይከለሳል። ነዋሪውም፣ እሱ ከፈቀደ ቤተሰቡም፣ ዕቅዱ በሚወጣበት ስብሰባ መገኘት ይችላሉ። እዚያ ላይ አስተርጓሚ በነፃ ይጠየቅ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ሽንት ቤት እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ነውር ነው። የሚጠሩበት ስም፣ ገላቸውን ሴት ወይስ ወንድ እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ፣ የጾም ቀኖቻቸው በዕቅዱ ይጻፉ። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ የሚጾም ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ መተው ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል።

በመግቢያው ቀን ስለሚቀርቡ ወረቀቶች፦ ልጅ በራሱ ገንዘብ ዋስ እንዲሆን ማስገደድ በሕግ ክልክል ነው። ክርክርን ከፍርድ ቤት ወደ ግልግል የሚያዞረው ውልም የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም፤ ተፈርሞ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል።

ወላጅን ነርሲንግ ሆም ማስገባት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ነውር ይታያል፤ ስለዚህም ይደበቃል። የተደበቀ ሰው ግን ጠያቂ የለውም። ዕድሮች ለቀብር የሚያሳዩትን ትጋት ለሕይወትም ቢያውሉት ያምርባቸዋል፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት በየከተማቸው ነርሲንግ ሆም ያሉ አረጋውያንን በቤተሰባቸው ፈቃድ መዝግበው የጥየቃ ተራ እንዲያወጡ ጥሪ ቀርቧል። በእነዚህ ቤቶች በረዳት ነርስነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም በርካታ ናቸው። በነዋሪ ላይ ወንጀል መፈጸሙን የጠረጠረ ሠራተኛ ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ በ2 ሰዓት፣ ካልደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስና ለክልሉ መንግሥት የማመልከት ግዴታ አለበት፤ አሠሪው በዚህ ምክንያት ሊቀጣው አይችልም።

ቅሬታ በቅድሚያ ለፈረቃው ነርስ፣ ካልተፈታ ለነርሶች ኃላፊና ለአስተዳዳሪው ቀን ተጽፎበት በጽሑፍ ይቅረብ፤ ቅጂው ይቀመጥ። «ብንናገር ያስወጧታል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ዝም ያሰኛል። በቅሬታ ምክንያት መበቀል የተከለከለ ነው፤ ነዋሪን ለማስወጣትም በሕግ የተቆጠሩ ምክንያቶች፣ በመደበኛው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የይግባኝ መብት ያስፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ያለው በር በየክልሉ ያለው የነርሲንግ ሆም እንባ ጠባቂ፣ ኦምቡድስማን፣ ነው፤ አገልግሎቱ ነፃ ሲሆን ያለ ነዋሪው ፈቃድ ስሙን አያወጣም። የአካባቢውን ቢሮ ለማግኘት በ1-800-677-1116 መደወል ይቻላል፤ ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ ሲሆን ግን ስልኩ 911 ነው። ብዙዎቹ የእንባ ጠባቂ ቢሮዎች በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነው ያሰማራሉ። በወር ጥቂት ሰዓት ያላቸው አማርኛና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች፣ በተለይም ጡረታ የወጡ ነርሶችና መምህራን፣ በ1-800-677-1116 ደውለው በአካባቢያቸው ቢሮ ይመዝገቡ።