ሞተሩ አየር አልጎደለውም

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ፒካፕ በሚነዱ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ እምነት ሥር ሰዷል፤ ፋብሪካው የሞተሩን ትንፋሽ ሆን ብሎ አፍኖታል፣ ባለቤቱ ካልከፈተለት መኪናው ያለውን ጉልበት አያወጣም የሚል። ከዚህ እምነት የሚወለደው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የፋብሪካው የፊልትሮ ቤት ይፈታል፤ ከግንባታ ዕቃ መደብር ግራጫ የፒቪሲ ቱቦ ይገዛል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ይታሰራል፤ «ቀዝቃዛ አየር መሳቢያ» የሚል ስም ይወጣለታል። ይህ ልማድ ሞተር ይጎዳል፣ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ይበክላል፣ የተገባለትንም ጉልበት አይሰጥም። ሊቀር ይገባዋል።

ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም። በድሮዎቹ የካርቡራቶር መኪኖች ፊልትሮው ሞተሩ አናት ላይ እንደ ድስት ተቀምጦ፣ የሞተሩን የራሱን ትኩስ አየር ይምግ ነበር። የጋለ አየር የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ኦክስጅኑ ያነሰ ነው። ሞተሩ አየሩን ከውጭ እንዲስብ ያደረገ መካኒክ በእርግጥ አንድ ነገር አግኝቷል። ችግሩ የዛሬዎቹ ፒካፖች እንደዚያ አለመሠራታቸው ነው። የሃይሉክስን ወይም የዲ-ማክስን ኮፈኖ ከፍታችሁ የፊልትሮውን ቤት አፍ በእጃችሁ ተከተሉት። የሚወስዳችሁ ወደ ፓራፋንጎው ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ውጭ ወዳለው አየር። ቀዝቃዛ አየር መሳቢያው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አብሮት ነበር ማለት ነው።

ደቡብ ሮተርዳም ውስጥ አንድ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ኮፈኖው ተከፍቶ አይቻለሁ። ከፓራፋንጎው የሚመጣው የፋብሪካው የአየር መግቢያ እንዳለ ቀርቷል፤ አፉ ክፍት ነው፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም። አዲሱ ሾጣጣ ፊልትሮ ግን ከራዲያተሩ ኋላ ተሰቅሎ ራዲያተሩ ያሞቀውን አየር ይስባል። ቱቦውን ስንፈታው በውስጡ፣ ከፊልትሮው ወዲያ ማዶ፣ ከመጋዝ የተረፈ የፒቪሲ ፍቅፋቂ ተጣብቆ አገኘን። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የቱርቦው ምላጭ ነው። ይህ ቱቦ የተሠራው ለቤት ፍሳሽ እንደሆነና ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መልፈስፈስ እንደሚጀምርም መዘንጋት የለበትም። ባለቤቱ ግን ደስተኛ ነበር፤ «ድምፁን ስማው» ይል ነበር። ስህተቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የፊልትሮው ቤት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የአየሩን ጩኸት ማፈን ነው፤ ሲነሣ ጩኸቱ ይወጣል፣ ጆሮም ጩኸቱን ጉልበት ብሎ ይተረጉመዋል።

ሒሳቡን እንየው። የሚገባው አየር በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጥግግቱ የሚጨምረው 3 በመቶ ያህል ነው። ያ ሃይሉክስ 150 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ የሚጠበቀው 4 ወይም 5 ነው። እሱም አይገኝም። ቱርቦው አየሩን ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኢንተርኩለሩ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። መግቢያው ላይ የተገኘችው ትንሽ ቅዝቃዜ በዚህ መንገድ አብዛኛዋ ጠፍታ ትቀራለች። ከዚህም በላይ የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ ነው። ናፍጣው ካልጨመረ አየር ብቻ መጨመሩ ፋይዳ የለውም።

የከፋው ደግሞ ገና ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። ሰፋ ያለ ቱቦ ሲገጠምለት አየሩ በአጠገቡ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ከገባው ያነሰ ገባ ብሎ ለሞተሩ ኮምፒውተር ያስታውቃል። ኮምፒውተሩ ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ ብሎ ናፍጣውን ይቀንሳል። ጉልበት ፍለጋ የተገጠመው ቱቦ ጉልበት ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው ልክ አየር አንሷል ብሎ ስላመነ ወደ ሞተሩ መመለስ የነበረበትን የተቃጠለ ጋዝ ይገድባል፤ ያን ጊዜ ከማርሚታው የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገንን ያዋረደው ይኸው ጋዝ ነው። በዓይን ስለማይታይ ማንም «መኪናህ ያጨሳል» አይላችሁም፤ የሚተነፍሱት ግን በመንገዱ ዳር የሚኖሩት ናቸው፣ ብዙዎቹም የእኛው ልጆች።

«ፋብሪካው ሆን ብሎ አፍኖታል» ለሚሉት አንድ ነገር ልጠይቅ። የአውሮፓ ኅብረት መኪና አምራቾችን ከተፈቀደላቸው የካርቦን ልቀት ላለፈች ለእያንዳንዷ ግራም፣ በተሸጠው በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ይቀጣቸዋል። አንዲት ግራም ለመቀነስ ሲሉ የጎማውን ጎድጓዳ መስመርና የመስተዋቱን ቅርጽ ሳይቀር ይለውጣሉ። በጥቂት ዩሮ ቱቦ ነዳጅ መቆጠብና ጉልበት መጨመር የሚቻል ቢሆን ኖሮ ቶዮታ ከእኛ ቀድሞ አይገጥመውም ነበር?

ደግሞስ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተቀምጦ ቀዝቃዛ አየር መፈለግ ምን የሚሉት ነው? የሮተርዳም የአሌክሳንደር ሠፈር ከባሕር ወለል በታች 6 ሜትር ያህል ይወርዳል። አየሩ የተጠጋጋና የቀዘቀዘ ነው። ሞተር ከዚህ የተሻለ አየር የሚያገኝበት ቦታ በምድር ላይ ጥቂት ነው። አየር የሚያንሰው አዲስ አበባ ነው፤ በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያንን የሚያካክሰው ቱርቦ እንጂ ሾጣጣ ፊልትሮ አይደለም።

ይሁንና ሾጣጣው ፊልትሮ በሻንጣ እየተጫነ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ለወንድም፣ ለአጎት፣ ጠጠር መንገድ ላይ ለሚሠራ ዘመድ፣ «የአውሮፓ ዕቃ ነው» ተብሎ። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የኔዘርላንድስ አስፋልት ላይ ስህተቱ ብዙ ጊዜ በነዳጅና በጭስ ያልፋል፤ በበጋ የገጠር መንገዳችን ላይ ግን ሞተር ይገድላል። እንዲህ ያለው ዘይት የተቀባ የጥጥ ፊልትሮ በአብዛኛው ከፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ የበለጠ ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል። ያ አቧራ በአብዛኛው ድንጋይ ነው። ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የፒስተኑን ሪንግና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል፤ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ጠዋት አልነሣ ይላል። ባለቤቱ ናፍጣው ተበርዟል ብሎ ያማርራል እንጂ የተላከለትን ስጦታ አይጠረጥርም። ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት። በአንድ ፒካፕ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ወጪ ከየት ያመጣል?

እዚህ ኔዘርላንድስም ቢሆን የዝናቡ ነገር አለ። አንዳንዱ «ከሞተሩ ሙቀት ላርቀው» ብሎ ፊልትሮውን ከመከላከያው በታች ያወርደዋል። ደመና ሲፈርስ በአንዳንድ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ውኃ ይቋጠራል። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላው ይጣመማል።

መንግሥት ሠራተኛውን በየአቅጣጫው ማስጨነቁ አይካድም። ከጥር 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጥላሸት ማጣሪያ ያላቸው የናፍጣ መኪኖች በየጊዜው በሚደረገው የመኪና ብቃት ፍተሻ (አፔካ) ላይ በቅንጣት መቁጠሪያ ይለካሉ። ከጥር 2025 ወዲህ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ፣ አዲስ የሚመዘገቡ የንግድ መኪኖች ጭስ አልባ ካልሆኑ ወደ መሀል ከተማው የተከለለ ቀጠና አይገቡም፤ ነባሮቹም ቀናቸው ተቆርጧል። በቫንና በፒካፕ እንጀራውን የሚጋግር ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቁጣውን ግን በገዛ ሞተሩ ላይ መወጣት የለበትም። አንዴ መፍታት ከተጀመረ ደግሞ «የጥላሸት ማጣሪያውንም አውልቀው» የሚል መካሪ አይጠፋም።

የነዚህ መኪኖች መጨረሻም ይታወቃል። በ2020 የኔዘርላንድስ የአካባቢና የትራንስፖርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ወደ አፍሪካ የሚጫኑ አሮጌ መኪኖችን መርምሮ ነበር። አብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያስቆጠሩና ጊዜው ያላለፈበት የአፔካ ማረጋገጫ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። እዚህ አውልቀን የጣልነውን ዕቃ የሚገዛው አፍሪካዊ መልሶ አይገጥመውም፤ የጎደለውን መኪና እንደ ጎደለ ይነዳዋል።

ስለዚህ ቱቦ የገጠማችሁ የፋብሪካውን የፊልትሮ ቤት ከጋራዡ ጥግ አውጥታችሁ መልሱት። የወረቀቱን ፊልትሮ በጊዜው ቀይሩ፤ በኮምፕረሰር አየር አትንፉት፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። የክዳኑን ላስቲክ ዳስሱ፤ ከተሰነጠቀ አቧራው በዚያ ይገባል። የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች እዩ፣ የጎማውን ንፋስ ለኩ። ለወንድማችሁም ሻንጣ ውስጥ ሁለት የወረቀት ፊልትሮ ጨምሩለት።