«ጋዙ አልቋል» ሲሏችሁ

ከስግድ በዓል በኋላ ብርዱ ሲገባ፣ በሰኔም ሙቀቱ ሲከብድ፣ በቂርያት ጋት ቤቶች አንዲት አጭር ቃል ትመላለሳለች፦ «የመዝጋኑ ጋዝ አልቋል፤ መሞላት አለበት።» ቴክናዩ ይናገራታል፣ አባት ወይም እናት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሰማሉ፣ ገንዘቡ ይከፈላል። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ቃል፣ ያው ክፍያ። እኔ የምለው፣ ይህን ቃል ሰምቶ ያለ ጥያቄ መክፈል ይቅር ነው። በደኅና መዝጋን ውስጥ ያለ ጋዝ አያልቅም።

ነገሩን በቀላሉ የምናምነው ከስሙ የተነሣ ይመስለኛል። አገር ቤት ሳለን ጋዝ ስንል የኩራዙንና የፋኖሱን ነጭ ጋዝ ማለታችን ነበር። ሲነድ ያመሻል፣ ሲያልቅ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ጋዝ የወጥ ቤቱ ሆነ። እሱም ነዶ ያልቃል፣ ይለወጣል ወይም ይሞላል። ታዲያ መዝጋንም ጋዝ አለው ሲባል፣ ያም ሲሠራ የሚያልቅ መስሎ ቢታየን ምን ይደንቃል?

የመዝጋኑ ጋዝ ግን ለመንደድ የተሠራ አይደለም። በመዳብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ፣ በቤት ውስጥ ባለው ክፍልና ውጭ በተሰቀለው ሞተር መካከል ይመላለሳል። ሥራው ሙቀት መሸከም ነው። በበጋ ከሳሎኑ ሙቀት አንሥቶ ውጭ ያራግፋል። በክረምት አንዲት ቫልቭ መንገዱን ትገለብጥለትና ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ቤት ያስገባል። ለእኛ ቀዝቃዛ በሚመስለን አየር ውስጥ እንኳ የሚሰበሰብ ሙቀት አለ። ፍሪጅም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ጋዝ ነው። ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አሥር ዓመት የቆመውን ፍሪጅ በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ማን ነው?

ጋዙ አይቀንስም ማለቴ አይደለም፤ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ሲያፈስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቱቦው በብሎን በተያያዘበት ቦታ። እንግዲያው «ጋዝ ጎድሏል» ለሚል ቴክናይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «በየት ወጣ?» መሆን አለበት። የሳሙና አረፋ ቀብቶ መገጣጠሚያውን ያያል፣ ወይም ቱቦውን በናይትሮጅን ሞልቶ ይፈትሻል። ቀዳዳውን ሳይዘጋ ጋዝ ጨምሮ የሚሄድ ሰው በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እየሞላ ነው፣ የውኃውን ዋጋ የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ። ደግሞ ጋዝ ሁሉ አንድ አይደለም። በድሮዎቹ አር-22፣ ከዚያ በኋላ በመጡት አር-410፣ በአዲሶቹ አር-32 አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ አይደባለቅምም። ዓይነቱና መጠኑ በግራም ተጽፎ በመሣሪያው ላይ ተለጥፏል። የሚሞላውም በሚዛን ተመዝኖ ነው፤ ስለዚህ ቴክናዩን ሚዛኑን ጠይቁት።

በክረምት መጀመሪያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ከጋዝ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሻላቱ ነው። መዝጋኑ በጋውን ሙሉ በበረዶ ምልክት ሲሠራ ቆይቷል። ብርድ ሲመጣ ቁጥሩን 30 ላይ እናደርገዋለን፣ ምልክቱ ግን ያው በረዶ ነው። ያን ጊዜ መሣሪያው «እስከ 30 አቀዝቅዝ» የተባለ ያህል ነው። ቤቱ ከ30 በታች ስለሆነ የሚያቀዘቅዘው የለም፤ ዝም ብሎ ነፋስ ብቻ ይነፋል። ወይም የልጅ ልጅ መጥቶ አንዱን ቁልፍ ነክቶ ሄዷል። ቴክናይ ከመጥራት በፊት ምልክቱ ፀሐይ መሆኑን እዩ። ከዚያ ታገሡ፤ በማሞቂያ ጊዜ መሣሪያው ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፋባችሁ መጀመሪያ ራሱ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። በጣም በሚቀዘቅዝ ሌሊት ደግሞ መሐል ላይ ቆም ሊል ይችላል፤ ውጭ ያለው ክፍል የያዘውን አመዳይ እያቀለጠ ነውና ብልሽት አይደለም። ዘግታችሁ ወዲያው ብትከፍቱትም ሞተሩ ለመነሣት ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ምንም አይረዳም። የአቧራ ማጣሪያውን አውጥታችሁ በውኃ እጠቡና በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ መልሱ። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ያለው መዝጋን ጋዝ የጎደለው ይመስላል።

አዲስ የምታስገጥሙ ከሆነ፣ በካርሜ ጋት አዲስ ሕንጻም ይሁን በቀድሞዎቹ ሰፈሮች፣ ዋናው ነገር የመጀመሪያው ቀን ነው። ቴክናዩ ቱቦውን ካገናኘ በኋላ ጋዙን ከመልቀቁ በፊት በውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በቫኩም ፓምፕ መምጠጥ አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የቸኮለ ሰው ይዘለዋል። ጉዳቱም በዚያው ቀን አይታይም፤ ሞተሩ ግን ዕድሜው ያጥራል። ገጠማው በበጋ ቢሆንም ማሞቂያውንም አስነሥቶ ያሳያችሁ፤ በክረምት ከሆነም ማቀዝቀዣውን። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያስፈልግ ከሆነ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው መሥራት ያለበት፤ ሕጉ ከ1954 ጀምሮ እንዲህ ይላል። እኔ ከዚህ አልፌ እላለሁ፦ ለሽማግሌ መዝጋን የሚሸጥ ሁሉ ሻላቱን በሚገባቸው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናት እጅ ላይ ወፍራም የዕብራይስጥ መጽሐፍ አስቀምጦ መሄድ ማስረዳት አይደለም። እስከዚያው ድረስ ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባችሁ ሳይኖር አትፈርሙ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። «መዝጋኑ ጋዝ የለውም፣ ለመሙላት ገንዘብ የለኝም» ብሎ የተወው ሰው ሲበርደው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ መስኮት ይዘጋል። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል፤ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ሳይነቃ ይቀራል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ የጋዝ ምድጃም እንዲሁ አደገኛ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድነት ከያዘ፣ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ 101 ደውሉ።

ሌሎች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሂሳቡን ፈርተው መዝጋኑን ትተው ሽቦው የሚቀላውን ትንሽ ማሞቂያ ይመርጣሉ። ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው። ያ ማሞቂያ በ1 ኪሎዋት ሰዓት የ1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። መዝጋን ሙቀቱን ከውጭ ስለሚሸከም በዚያው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ሊሰጥ ይችላል። 22 ላይ አድርጋችሁ በሩን ዝጉ። ከቢቱአሕ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የምታገኙ አረጋውያን ደግሞ በወር በመጀመሪያዎቹ 400 ኪሎዋት ሰዓት ላይ የግማሽ ዋጋ ቅናሽ አላችሁ። በሂሳባችሁ ላይ መቀነሱን ልጆቻችሁ ይዩላችሁ።

በስልክ ወይም በር አንኳኩቶ መዝጋን፣ «የዓመት ጥገና» ወይም ሌላ ውል የሸጠላችሁ ካለ፣ ይህን ዕወቁ። በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ ከሻጩ ጋር በቃል ተነጋግራችሁ የገባችሁት እንዲህ ያለ ውል ከሆነ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ አካል ጉዳተኛና አዲስ ገቢ እስከ አራት ወር ድረስ የመሰረዝ መብት አለው፤ ለሌላው ሸማች ግን ጊዜው 14 ቀን ብቻ ነው። ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውንም ያዙ። አዲስ መሣሪያም ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። በዚያ ዓመት ውስጥ ጋዝ ካፈሰሰ፣ ከመንገድ ቴክናይ ጠርታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አስመጪው ጋር ደውሉ።

ይህ ገጽ የሥራ ገጽም ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የመዝጋን ጥገና በዚህ ከተማ በበጋም በክረምትም ሥራ የማያጣ ሙያ ነው፣ የሙያ ሥልጠናም ይሰጥበታል። ወታደርነቱን ጨርሶ ምን ልሥራ የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህን ንገሩት። እናቶቻችንን በአማርኛ «ጋዙ አላለቀም፣ ምልክቱን ብቻ ቀይሪው እማማ» የሚል ቴክናይ ቢገኝ፣ ስልክ ቁጥሩ ባንድ ሳምንት ከተማውን ያዳርሳል።

ለማንም ቴክናይ ግን ገንዘብ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። በደረሰኙ ላይ ምን ዓይነት ጋዝ፣ ስንት ግራም እንደተሞላና ቀዳዳው የት እንደተገኘ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ አትክፈሉት።