ፖምፓ በማስከፈት ፈረስ አይገዛም

ሰሞኑን ገንዳ ውኃም ሆነ መተማ ዮሐንስ የሾፌር ወሬ አንድ ሆኗል፦ «ሲኖዬን ፖምፓ አስከፈትኩት፤ 336 የነበረው 371 ገባ!» ይህን ከሚሉት መሀል ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ፣ ማን ለካው? አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። የሚታወቀው በመለኪያ ማሽን ተፈትኖ እንጂ ነዳጅ ረግጦ ድምፅ በመስማት አይደለም። በካቻቢቴ አንድ ቡሎን ያዞረ መካኒክ «35 ፈረስ ጨመርኩልህ» ሲል ቁጥሩን ከየት አመጣው?

እሺ፣ እውነት ገባ እንበል። ምን አተረፍን? እናስላው። ከገንዳ ውኃ እስከ አይከል ወደ 1,400 ሜትር ከፍታ እንወጣለን። ከነተሳቢው ከነሰሊጡ 40 ቶን የሆነን መኪና ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የንፋሱንና የጎማውን ትተን፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሰጥቶ በ336 ፈረስ 36 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ371ስ? 33 ደቂቃ። ትርፉ ሦስት ደቂቃ ተኩል! ኬላ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

ለዚህች ደቂቃ ምን ይከፈላል? ፖምፓ ሲከፈት የሚጨምረው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ ይሳሳል። አይከል ስትወጡ በከፍታው ይሳሳል። ቱርቦው ቢያግዝም ገደብ አለው። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ ጉልበት ሳይሆን ብር ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ፒስቶን ይቀልጣል።

«ፋብሪካውስ በዚያው 9.7 ሊትር ሞተር 336ም 371ም ይሠራ የለ?» ትሉኛላችሁ። ይሠራል። ግን ፋብሪካ ለክቶ ነው፤ የእኛው በግምት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ፈረስ ያስጨመረ ሁሉ ፍሬን አስጨምሯል? በፍጹም! «አሁን ይችላል» ተብሎ ጭነት ይጨመርበታል፤ ያው ጭነት ነገ ቁልቁል ይወርዳል። በ60 ፋንታ በ80 ስትወርዱ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሕዝቡ ሲኖን «ቀይ ሽብር» ያለው በቀለሙ ብቻ መሰላችሁ? ጋቢና ውስጥ ያለው ረዳት ትናንት ክፍል ውስጥ የነበረ ልጅ ነው። ፒስቶን ይገዛል፤ እሱ ግን አይገዛም።

ዳገት እምቢ ያለው መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ የጠፋውን ፈረስ ይመልስ። አቧራ የደፈነውን የአየር ፊልትሮ ይለውጥ፣ ኖዝል ያስፈትሽ፣ ቫልቭ ያስተካክል፣ ከልክ በላይ አይጫን። ከዚያ በኋላ «እጨምርልሃለሁ» የሚል መካኒክ ከመጣ የለካበትን ወረቀት ያሳይ።

ወረቀት ከሌለው እጁን ከፖምፓው ያንሳ!