ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተለይቶ መሄዱ በጐጃም ምድር አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪው ገና በልጅነቱ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ትምህርት ፍለጋ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ደብረ ኤልያስ ይሄዳል። ገበሬውም የቤቱ እህል ሲያንሰው ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ ወርዶ የሰው ሰሊጥ አርሞና አጭዶ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። የእነዚህ የሁለቱ አካሄድ ልዩ ልዩ ቢሆንም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም ሲወጡ የመመለሻቸውን መንገድ ዐውቀው መውጣታቸው፥ ሲመለሱም ወገናቸው በደስታ መቀበሉ ነው።

በዚህ ዘመን ግን ሌላ ዓይነት አወጣጥ በርትቷል፤ ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእርሻ መሬት ድልድል በተደረገ ጊዜ ዕድሜው ያልደረሰ ወይም ገና ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኗል፤ ድርሻው ግን ከአባቱ ማሳ ላይ ከወንድሞቹ ጋር የሚካፈለው ቍራሽ ብቻ ነው። የጮቄ ተራራ ተዳፋት ሳይቀር ታርሶ አፈሩ በክረምት ጐርፍ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ማሳ የሌለው ወጣት ጐጆ መውጣት ይሳነዋል፤ ጐጆ ያልወጣም በአገሩ ልማድ እንደ ሙሉ ሰው አይቈጠርም። ስለዚህ መንገዱን ይጀምራል።

መንገዱም ይህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፥ በደጀን ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከዚያ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ጅቡቲ፥ ከኦቦክ ዳርቻም በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይጓዛል። የመንም ራሷ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ያደቀቃት አገር ናት። ሌላው በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ወደ ሊቢያ ያልፋል፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ሃይማኖታቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ኀዘን ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም። ከሴቶቹም ብዙዎቹ በአውሮፕላን ወደ ሪያድ፥ ወደ ቤይሩትና ወደ ኵዌት ሄደው በቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ። በዚያም ከፋላ በሚባለው ሥርዐት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፥ ደመወዝ የቀረባት ወይም የተደበደበች ሠራተኛ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከቤቱ ብትወጣ ሕግ እንደ ተላለፈች ትቈጠራለች።

ከዚህ የተነሣ የመመለሱ ነገር ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት በጀመረ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 100 ሺህ ያህል ሰዎችን ከዚያው አገር ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ጕዞው ተጀመረ። እነዚህ በመንግሥት ዐዋጅና በአውሮፕላን የመጡት ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው፥ በሰው አገር መኖር እንዳልሆነላቸው በልባቸው መርምረው፥ «አገሬ ልግባ» ብለው የቈረጡ አሉ። ይህን የቈረጠ ሰው ከደላላ ቃል ይልቅ የገዛ ዓይኑን ያመነ፥ ከሐሰት ተስፋም እውነትን የመረጠ ስለ ሆነ አስተዋይ ሊባል ይገባው ነበር። በመንደሩ የሚጠብቀው ስም ግን ይህ አይደለም። «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስም የለውም።

ይህ ኀፍረት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በቅርብ ሲመረመር ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ልጁ ሲሄድ አባቱ የእርሻውን በሬ ሸጧል፤ እናቱ ከዘመድ ተበድራለች፤ ያም አልበቃ ሲል ከአራጣ አበዳሪ ተወስዷል። ገንዘቡን የበላው ደላላ ነው። በመንገድም ልጁን የያዙት ሰዎች በስልክ እያስለቀሱ ሌላ ገንዘብ ሲጠይቁ ሁለተኛው በሬ ይሸጣል። እንግዲህ ልጁ የተነገረው ሥራና ደመወዝ ሐሰት መሆኑን ባወቀ ጊዜ እንኳ መመለስ አይችልም፤ ቢመለስ አበዳሪው ከበሩ ቆሞ ይጠብቀዋልና። ስለዚህ አንዱ በሰው አገር ተደብቆ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሌላው ተመልሶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ቀርቶ በቀን ሥራ ይውላል፤ ባሕር የተሻገረ ሰው ዓባይን መሻገር ያቅተዋል። ሦስተኛውም ከመንደሩ ጥቂት ወራት ተቀምጦ፥ ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ያንኑ መንገድ እንደ ገና ይጀምራል። የመጀመሪያው ስደት ከችግር የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ወገኑ ካልያዘው የመጣ ነው።

በመጽሐፈ ሩት የተጻፈው የኑኃሚን ታሪክ ለዚህ ነገር ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። ረኃብ ቢጸና ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ተሰደደች፤ በዚያም ባሏንና ልጆቿን ቀብራ፥ ሞልታ የሄደችው ባዶዋን ተመለሰች። ባዶዋን መመለሷንም ለከተማው ሴቶች ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። አንባቢ በጣም ሊያስተውለው የሚገባው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። የደረሰችው በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበረ፤ በአገሪቱም ለድኻና ለመጻተኛ ቃርሚያ እንዲተውለት የሚያዝ ሕግ ነበረ። ስለዚህ ኑኃሚንና ምራቷ በሰው እንባ ሳይሆን በአገሩ ሥርዐት በዚያው ወቅት እህል አገኙ፤ ሩትም ስትቃርም ውላ ገብሷን ይዛ ማታ ወደ አማቷ ገባች። ቤተ ልሔም ከስደት የተመለሰችን ሴት የተቀበለችው በቃል ብቻ አልነበረም። የጐጃም አውራጃዎች፥ ባዶ እጁን ለሚመለሰው ልጃቸው ያዘጋጁለት ቃርሚያ ምንድን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ስደተኛን መቀበል ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጠላት ወረራ ምክንያት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገራቸው የወጡት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዳግመኛ የኢትዮጵያን ምድር የረገጡት በኦሜድላ ነው። ከዚያም የጐጃምን ምድር አቋርጠው፥ በደብረ ማርቆስ አልፈው፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ዘመን ከእየሩሳሌም፥ ከሱዳንና ከኬንያ የተመለሱትን ስደተኞች ብዙ ሰው በደስታ ተቀብሏቸዋል። ለታላላቆቹ የተደረገው አቀባበል ለድኻው ልጅ የሚነፈግበት ምክንያት ሊገኝ አይችልም።

እንግዲህ በሹማምንቱ በኩል ሊደረግ የሚገባው የታወቀ ነው። ተመላሹ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ እንደ ጥፋተኛ ሳይመረመር ይመዝገብ፤ መታወቂያውም ሳይዘገይ ይሰጠው። ሥራ በሚፈልጉ ወጣቶች መዝገብ ውስጥ ሲገባም «አገሩን ትቶ የሄደ ነው» ተብሎ ከወረፋው ኋላ አይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያውቀውን ሥራ መጠየቅ ያሻል። ከመካከላቸው ግንብ የሠራ፥ መኪና የነዳ፥ ከብትና ግመል የጠበቀ፥ ሕሙማንንና ሽማግሌዎችን ያስታመመች፥ የዓረብኛ ቋንቋ የተማረች አለች። «ምን ይዘህ መጣህ?» በሚለው ፈንታ «ምን ዐውቀህ መጣህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ መልስ ይገኛል። የብድር ገንዘብም ሲሰጥ ዋስ ለመጥራት የማይችለው ይኸው የተበደረው ሰው መሆኑ ይታሰብ። በ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም መንገድንና ገበያን አውኳልና፥ ሰላም ካልጸና ሌላው ምክር ሁሉ ፍሬው ጥቂት እንደሚሆን መዘንጋት አይገባም።

ደላላውን መያዝም የሹም ሥራ ነው። በሰው የመነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገርን ወንጀል የሚቀጣው ዐዋጅ ቍጥር 1178/2012 ታውጇል። ነገር ግን ደላላው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይሆን የመንደሩ ጐረቤት፥ አንዳንድ ጊዜም ዘመድ ስለ ሆነ ከሳሽ አይገኝበትም። ተመላሹ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ቦታ ካገኘ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እርሱ ራሱ ነው። የሚያሳፍሩት ሰው ግን አይመሰክርም።

የካህናቱ ድርሻ ከዚህ አያንስም፤ እንዲያውም ሹሙ የማይገባበት ቤት የንስሓ አባት ይገባል። የመጀመሪያው ሥራቸው ዕዳውን ማስታረቅ ነው። አበዳሪውን፥ አባቱንና ተመላሹን በአንድነት አስቀምጦ፥ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ፥ የመክፈያውን ጊዜ ማራዘም፥ አራጣውንም ማስተው የቤተ ክርስቲያን የቈየ ሥልጣን ነው። አራጣን ፍትሐ ነገሥት እንደሚከለክለው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛው ስለ ሴቶቹ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ላይ የሚወራው ክፉ ወሬ ትዳሯን ይከለክላል፤ የተበደለችውንም እንደ በደለኛ ያስቈጥራል። በሰንበቴና በማኅበር መካከል እንዲህ ያለውን አንደበት የሚገሥጽ ካህን ለአንዲት ነፍስ መጠጊያ ይሆናታል። ሦስተኛውም የጠፋው ልጅ ምሳሌ ሲሰበክ እንዳይሳሳት ነው። ያ ልጅ የአባቱን ገንዘብ በመባከን የበተነ ነው፤ የዛሬው ተመላሽ ግን ለአባቱ ቤት ቆርቆሮ ሊያለብስ ወጥቶ የተዘረፈ ነው። አባትየው ለአባካኙ ያን ያህል ከሮጠ፥ ለተዘረፈው ምን ያህል ሊሮጥ ይገባው ይሆን?

አንዳንድ ሰዎች ግን «ተመላሹን እንዲህ ብንንከባከበው ሌላውም ለመሄድ ይደፍራል» ይላሉ። ይህ አሳብ ከልምድ ጋር አይስማማም። በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ በተከለከለ ጊዜ፥ ክልከላው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ሕጋዊው በር ሲዘጋ በስውሩ መንገድ የሚሄደው አልቀረም። ሰውን ከክፉ መንገድ የሚያስቀረው ክልከላ ብቻ ሳይሆን፥ በዐይኑ ካየ ሰው የሚሰማው እውነተኛ ወሬ ነው። ተመላሹ ተከብሮ በመንደሩ ከተቀመጠ የደረሰበትን ይናገራል፤ ከታፈረበት ግን ዝም ይላል፥ ወይም ክብሩን ለመጠበቅ ሲል የሐሰት ብልጽግና ያወራል። ያ የሐሰት ወሬም ሌላውን ወጣት ወደ ባሕር ይሰደዋል። በሕጋዊ መንገድ ሄዶ፥ ሠርቶ፥ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልከውንም ማንም አይነቅፈውም፤ በልጅ ገንዘብ የታነጸ ቤት፥ የተማረም ታናሽ ወንድም በየቀበሌው አለ። ነገር ግን ለአንዱ ያልሆነለት ለሌላው ስለ ሆነለት፥ ያልሆነለት ሰነፍ ነው ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

የሀገሩን ሰርዶ በሀገሩ በሬ እንደሚባለው፥ የዚህን አገር ልጅ ቍስል የሚያውቀው የዚሁ አገር ሰው ነው። ሹሙ በመዝገቡ፥ ካህኑ በመስቀሉ፥ አበዳሪው በትዕግሥቱ፥ ጐረቤቱም በአንደበቱ ቢረዳዱ፥ ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ ልጅ ዓባይን ለመሻገር አያፍርም። የዚህም ሥራ ጊዜው ተመላሹ ከአዲስ አበባ መንገድ ሳይቀርና ሁለተኛውን ስደት ሳይጀምር፥ ከአባቱ ደጅ በደረሰባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነው።