የባሕሩ ንፋስ ለማን ይነፍሳል?

ከ1985ቱ ሪፈረንደም ወዲህ በዚህች አገር ስለ ባሕር ያልተባለ ነገር የለም። አሰብ እየተባለ ተለቅሷል፣ ተጨቃጭቀናል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በቴሌቪዥን አነሱት። በታኅሣሥ ከሐርጌሳ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ በቁጣ ገነፈለች። በዓመቱ ደግሞ አንካራ ላይ እርቅ ወረደ ተባለ። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ የተወራው ስለ ወደብ፣ ስለ ኮንቴይነርና ስለ ኪራይ ብቻ ነበር።

ባሕር ግን ወደብ ብቻ አይደለም፤ ባሕር ኃይል ነው። ባሕር ኃይል ስንል የጦር መርከቡን ማለታችን አይደለም። አምፖል የሚያበራውን፣ ወፍጮ የሚያዞረውን ማለታችን ነው።

ፈረንሣዮች ላ ራንስ በሚባለው ወንዝ አፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 ግድብ ሠርተው ከባሕሩ መሙላትና መጉደል 240 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመሩ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲህዋ ላይ 254 ሜጋ ዋት አደረሰችው። ሰሜን አውሮፓውያን ንፋስ መዘውራቸውን ባሕር ውስጥ ተክለዋል። ነገሩ ግን በነፃ አልተገኘም። ላ ራንስ ሲገነባ የወንዙ አፍ ለሦስት ዓመት ያህል ከባሕር ተቆርጦ ስለነበር ዓሣውና የውኃው ሕይወት ጠፋ። እንደገና ለማገገም ወደ አሥር ዓመት ፈጀበት። ሞገዱም፣ ማዕበሉም፣ ንፋሱም ሂሳብ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሂሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ማዕበሉ የለንም፤ ሞገዱም የለንም። ንፋሱ ግን መጥቷል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከታጁራ ወገን የሚነሳው አየር ወደ ሞቃቱ ቆላ ሲገባ ደወሌ ላይ ፓስፖርት አይጠየቅም፣ ጉምሩክም አይፈትሸውም። ጅቡቲ በበኩሏ ጉቤት ላይ እዚያው ባሕሩ ዳር 17 መዘውሮች ተክላ 60 ሜጋ ዋት ጣቢያዋን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አስመርቃለች። በእኛ በኩል ንፋሱን የሚቀበለው ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ የድሮው ሽንሌ ነው፤ አይሻ።

አይሻን የማያውቅ የባቡር መንገደኛ አልነበረም። በድሮው የምድር ባቡር ከድሬዳዋ ተነስቶ በአዲጋላ አልፎ ወደ ጅቡቲ የወረደ ሁሉ ፊቱን በዚያ ንፋስ ተገርፏል። ዛሬ ያ ንፋስ ሸቀጥ ሆኗል። አይሻ ሁለት የሚባለው ጣቢያ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀመረ። እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 48 መዘውሮች፣ በድምሩ 120 ሜጋ ዋት መሆኑ ነው። ተቋራጩ የቻይናው ዶንግፋንግ ሲሆን ወጪው 257 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ፣ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በብድር እንደሚሸፈን ተነግሮናል። መዘውሮቹ ተራ በተራ እየቆሙ በከፊል ማመንጨት እስኪጀምሩ ዓመታት አለፉ። ብድሩን የሚከፍለው እንግዲህ የእርስዎ፣ የእኛ፣ የዚያ የአይሻ ግመል ጠባቂም ኪስ ነው።

ይህን የምንለው የንፋስ ኃይል አያስፈልግም ለማለት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቻችን ውኃ አጥሯቸው መብራት በፈረቃ ሲታደል ሻማ ለኩሰን ያመሸን ሁላችን እንመሰክራለን። ዝናብን ብቻ የተማመነ አገር ዝናብ የቀረ ዕለት ይጨልማል። የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ ብለንም የድርቅን ዓመት ልንረሳ አይገባም። የአሸጎዳና የአዳማ መዘውሮችም የተተከሉት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ንፋሱ ይገራ! የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው።

አንደኛው ጥያቄ፦ መብራቱ ለማን ነው? ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኤሌክትሪክ እየሸጠልን በዚሁ በሲቲ ምድር ላይ ያልፋል። ዶላሩ እሰየው። ነገር ግን የዚህ ክልል ከተሞች ለዓመታት በናፍጣ ጄኔሬተር ሲንተፋተፉ የኖሩ ናቸው። መብራት ኃይል እስቲ ይንገረን፦ በአይሻ፣ በደምበል፣ በኤረር፣ በሽንሌ ስንት ቤት መብራት ገባ? ስንት ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ይሠራል? ስንት የውኃ ጉድጓድ ፓምፑ በመስመር ይዞራል? መልሱ የሚያኮራ ከሆነ በቁጥር ይውጣ፤ በደስታ እናትመዋለን። አለበለዚያ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው በአይሻ ልጅ ደርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መሬቱስ? ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ሁሉ ባዶ አይደለም። አርብቶ አደሩ ዝናብ የጣለበትን እየተከተለ ይሄዳል፤ ዛሬ የሌለበት ቦታ የነገ ግጦሹ ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ሲቲ ዞን ከብቱን በሜዳ ሲያፈስ ያየ ሰው አንድ ኮሪደር መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይፈናቀል፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ፕሮጀክት ሲታቀድ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ወረቀቱማ ወርቅ ነው! ጎረቤት ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 መዘውሮች፣ 310 ሜጋ ዋት ተከለች። ጣቢያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መስመሩ ባለመድረሱ ከዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የመሩ ፍርድ ቤት መሬቱ የተወሰደው በሕጉ መሠረት አይደለም ብሎ ፈረደ። እዚያ አርብቶ አደሩ ከሶ ተሰማ። እዚህስ ቢከስ ማን ይሰማዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ስለ አሞራ ነው። «ሰው በሚራብበት አገር ስለ አሞራ ታወራላችሁ እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። ይታገሰን። ንስርና ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር የሚንሳፈፉ ስለሆኑ ሰፊ ባሕር መሻገር አይሆንላቸውም። ስለዚህ በመጸው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ሲመጡ የሚሻገሩት ባሕሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጅቡቲ ላይ በአንድ መጸው ብቻ ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች ተቆጥረዋል። ከዚያ የሚቀጥለው አገር የእኛው ነው። የሚሽከረከር ምላጭ በመንገዳቸው ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

ጥንብ አንሳ ቢያልቅ ምን አገባን? ሕንድ ያገባታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ መድኃኒት ሳቢያ ጥንብ አንሳዎች ከሞላ ጎደል ረገፉ፤ በድኑ ሜዳ ላይ ሸተተ፤ ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ በዛ። በድርቅ ዘመን በሺህ የሚቆጠር ከብት በሚረግፍበት ሲቲ ውስጥ ያን በድን በነፃ የሚያጸዳው ማን ሆነና ነው? መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ግብጾች በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ፣ ኬንያዎች ኪፔቶ ላይ የአሞራ መንጋ ሲቃረብ ተመልካች እያቆሙ መዘውሩን ለጊዜው ያስቆማሉ። ከጣቢያው ገቢ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዟል። ቃሉ ከተጻፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አይሻ ላይ ሥራው በዚህ አያበቃም። በ2016 ዓ.ም. ዱባይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አሚአ ፓወር የተባለው የዱባይ ኩባንያ እዚያው አይሻ ላይ 300 ሜጋ ዋት፣ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሌላ ጣቢያ ለመትከል ተስማምቷል። ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት አባቶች ለዚህ ቀን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሪፖርቱ በሶማሊኛም በአማርኛም ታትሞ በወረዳው አዳራሽና በጅግጅጋ ገበያ ሳይቀር ይነበብ። አዲሱ ውል ሲጸና የአካባቢው ከተሞች ድርሻ በቁጥር ይጻፍበት። አሞራ ሲቃረብ መዘውሩን የማስቆም ግዴታም በውሉ ይግባ። ይህ የአገር ምስጢር አይደለም፤ የጦር መሣሪያ ግዢም አይደለም። ንፋስ ነው።

ባሕሩን ስናጣ ማንም አልጠየቀንም። ከባሕሩ የተረፈን ንፋስ ነው፤ በእሱስ እንኳ እንጠየቅ!