መለያ አንባቢ ቁልፍ ሰሌዳ አይደለም

የኤሌክትሮኒክ መለያ አንባቢን ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት እንደ ተራ የገመድ ሥራ ሲታይ ይስተዋላል። ብዙዎቹ የዩኤስቢ አንባቢዎች ለኮምፒውተሩ ራሳቸውን እንደ ቁልፍ ሰሌዳ ያስተዋውቃሉ፤ የካርዱንም ቁጥር ጠቋሚው በተገኘበት ቦታ ይጽፋሉ። አሠራሩ ለሙከራ ምቹ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት የውሰት ምዝገባ ግን አይበቃም።

ምክንያቱም ከካርድ የተነበበው ቁጥር በእጅ ከተጻፈው አይለይም። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የኢኤም4100 መለያ ከያዛቸው 64 ቢቶች 14ቱ የስሕተት መፈተሻ ናቸው። በዚህ መንገድ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ግን መፈተሻ የሌለው ቁጥር ብቻ ነው።

በአንጻሩ አርዲኤም6300ን የመሰለ አንባቢ በሲሪያል መስመር የሚልከው መልእክት 14 ባይት ሲሆን፣ የመነሻና የመድረሻ ምልክት እንዲሁም የማረጋገጫ ድምር አለው። ይህን መስመር ብቻ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የተበላሸውን መልእክት ይጥላል፤ በቁልፍ ሰሌዳ የተጻፈውንም አይቀበልም።

እርግጥ ነው፣ ይህ ብቻውን ካርድ አመሳስሎ መቅዳትን አይከላከልም፤ ለዚያ ምስጠራ ያለው መለያ ያስፈልጋል። ፕሮግራም የመጻፍ ድካምም አለበት። ይሁን እንጂ ተመራቂው ባልተዋሰው መጽሐፍ ሳቢያ ክሊራንስ እንዳይከለከል ለሚያስብ ተቋም፣ ድካሙ ከጥቅሙ አይበልጥም።